ቪው፣ ሰንጠረዥ ወይስ ሽልማት? ባሕር ዳር ላይ ሙዚቃ ለሚሠራና ለሚቀጥር የንጽጽር መመሪያ

ጥር ሲቃረብ ባሕር ዳር ውስጥ ሙዚቀኛ የሚያፈላልገው ሰው ይበዛል። ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ባንድ ያማርጣል። ጣና ዳር ያለ ሆቴል ለቅዳሜ ማታ የሚሆን ድምፃዊ ያጠያይቃል። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን ይዞ ከስቱዲዮ የወጣው ልጅ ደግሞ የቀረችውን ብር ምን ላይ እንደሚያውላት ያሰላል። ክሊፕ ላይ? ማስታወቂያ ላይ? ውድድር ላይ?

የሁሉም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ስንት ቪው አለው?» ይላሉ። ቀጥሎ «ተሸልሟል?» ይመጣል። አልፎ አልፎም «ቢልቦርድ ላይ ገብቷል እኮ!» የሚል ይጨመርበታል፤ ቢልቦርድ ብዙ የተሸጡና የተደመጡ ዘፈኖችን በሰንጠረዥ እየደረደረ የሚያወጣ የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ነው። ሰሚውም ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ታዋቂ ነው ማለት ነው» ብሎ ይወስናል።

ሦስቱ ግን የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ሰንጠረዥ የተሸጠውንና የተደመጠውን ይቆጥራል። ሽልማት የአንድን መራጭ ቡድን ፍርድ ይናገራል። ቪው ደግሞ ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ የቱን መቼ ማመን እንዳለባችሁ፣ ለየትኛውስ ገንዘብ ማውጣት እንደሚያዋጣ የማምንበትን እጽፋለሁ። የፈረንጆቹን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር፣ የኛን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልኩ።

ሰንጠረዡ ማንን ይቆጥራል?

የእንግሊዝ የመጀመሪያው የነጠላ ዜማ ሽያጭ ሰንጠረዥ የወጣው በ1952 ነው። ኒው ሚዩዚካል ኤክስፕረስ የተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ሠራተኛ ወደ 20 ለሚሆኑ ሸክላ ቤቶች ስልክ ደወለ። ብዙ የተሸጠላችሁ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ፣ መልሱን ደመረ፣ አተመ። አለቀ። የአሜሪካው ቢልቦርድ ሆት 100 የሚለውን የዘፈን ሰንጠረዡን በ1958 ጀመረ። እዚያም ቢሆን ለረጅም ዘመን ቆጠራው የቆመው በሻጮች ቃል ላይ ነበር። ሻጩ የወደደውን፣ ወይም አከፋፋዩ ያግባባውን ዘፈን ከፍ አድርጎ ቢናገር የሚያርመው አልነበረም።

በ1991 ቢልቦርድ ነገሩን ለወጠው። በየሱቁ ካዝና ላይ ባርኮድ ሲነበብ የሚመዘገበውን እውነተኛ ሽያጭ መውሰድ ጀመረ። ያኔ ካንትሪና ራፕ ድንገት ወደ ላይ ወጡ። አድማጩ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ነው። ካንትሪ የሚገዛው የገጠር ሰውና ራፕ የሚገዛው ጥቁር ወጣት ቀድሞም እየገዙ ነበር። የሚቆጥራቸው ግን አልነበረም።

ይህን ታሪክ የማነሳው ለባሕር ዳር ስለሚሠራ ነው። ከፓፒረስ እስከ አባይ ማዶ በባጃጅ ስትሄዱ የምትሰሙት ሙዚቃ አብዛኛው ከፍላሽ ነው። ሾፌሩ ሙዚቃ ቤት ሄዶ አስሞልቶ ያመጣው ነው። ገበያ ውሎ ወደ ገጠር የሚመለሰውም ሰው በሚሞሪ ያስጭናል። በማሲንቆ የታጀበ የጎጃም ዘፈን በዚህ መንገድ ቋራ ድረስ ሊሄድ ይችላል። አንዱም ጊዜ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይቆጠርም። ለዘፋኙም ሳንቲም አይደርሰውም። ስለዚህ «ሰንጠረዥ ላይ የለም» የሚለው ቃል ለኛ አካባቢ ሙዚቃ ማስረጃ መሆን አይችልም።

ዛሬ ደግሞ ቆጠራው ከሽያጭ ወደ ስትሪም፣ ማለትም ሳይገዛ በኢንተርኔት ወደሚደመጠው፣ ዞሯል። በ2014 ቢልቦርድ 1,500 ስትሪምን እንደ አንድ አልበም ሽያጭ ቆጠረ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ 100 ስትሪምን እንደ አንድ ነጠላ ዜማ ሽያጭ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ተደጋግሞ ተከልሷል። ከፍሎ የሚያዳምጥ ሰው በነፃ ከሚያዳምጠው የበለጠ ክብደት ተሰጠው። በ2017 እንግሊዛዊው ድምፃዊ ኤድ ሺራን አልበም ሲያወጣ 16ቱም ዘፈኖች እንግሊዝ ውስጥ ከ20ዎቹ ቀዳሚዎች መካከል ገቡ። በዚያው ዓመት አንድ ዋና ድምፃዊ በአንድ ጊዜ ከሦስት ዘፈን በላይ በሰንጠረዡ ላይ እንዳይኖረው ደንብ ወጣ። ቢልቦርድም በ2020 አልበምን ከቲሸርትና ከኮንሰርት ትኬት ጋር ጠቅልሎ በመሸጥ የሚገኘውን ቁጥር ለመከላከል ደንቡን አጠበቀ። ሰንጠረዥ ደንብ ያለው ጨዋታ ነው። ደንቡን ሳታውቁ ውጤቱን ማንበብ አትችሉም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ2017 የቴዲ አፍሮ አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያ ሰንጠረዥ የሚቆጥረው የአሜሪካን ገበያ ነው። እዚህ ሲዲ ገዝቶ ለጎረቤቱ ያሰማው ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ቴዲ ባሕር ዳር ስታዲየም ዘፈነ። ስታዲየሙን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ቃል በቃል አብሮት ሲዘፍን የቆጠረው ሰንጠረዥ የለም። አንደኛው የዳያስፖራውን ኪስ ያሳያል፤ ሁለተኛው የባሕር ዳርን ልብ። ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ግን የሌላው ማስረጃ አይደለም።

በኢትዮጵያ ሱቁንና ስትሪሙን ደምሮ በየሳምንቱ የሚወጣ ይፋዊ የሽያጭ ሰንጠረዥ የለም። ናይጄሪያ ውስጥ ተርንቴብል የተባለው ሰንጠረዥ በ2020 ሥራ ጀመረ። ደቡብ አፍሪካም ከ2021 ጀምሮ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ማኅበሯ የሚያወጣው ይፋዊ ሰንጠረዥ አላት። እኛ ጋ «የሳምንቱ ምርጥ 10» ተብሎ የምትሰሙት በአብዛኛው የአንድ ፕሮግራም አዘጋጅ ወይም የደዋዮች ምርጫ ነው። እሱም ዋጋ አለው፤ የሽያጭ ቆጠራ ነው ብላችሁ ግን አትውሰዱት።

ስለ ወርቅና ፕላቲነም ሰርተፍኬት ብዙ የምለው የለም። አሜሪካ ውስጥ 500,000 ወርቅ፣ 1,000,000 ፕላቲነም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለአልበም 100,000 ወርቅ፣ 300,000 ፕላቲነም ነው። ልኩ እንደ አገሩ ገበያ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አሳታሚው ራሱ ጠይቆ ካላስመረመረ ሰርተፍኬቱ አይሰጥም። «ፕላቲነም ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ «የየት አገር?» በሉት።

ሽልማቱን ማን መረጠ?

ሽልማት ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የመራጩ ማንነት ነው። የአሜሪካው ግራሚ ከ1959 ጀምሮ ይሰጣል። ድምፅ የሚሰጡት ሽልማቱን የሚያዘጋጀው የቀረጻ አካዳሚ አባላት ናቸው፤ ዘፋኞች፣ አቀናባሪዎች፣ የስቱዲዮ ባለሙያዎች። በደንቡ ሽያጭ መስፈርት አይደለም። የጃፓን የወርቅ ዲስክ ሽልማት ግን የቆመው በሽያጭ ቁጥር ላይ ነው። የካናዳው ጁኖ በአንዳንድ ዘርፎች ለዕጩነት ሽያጭን ከዳኞች ፍርድ ጋር ይደባልቃል። ሦስቱም «የሙዚቃ ሽልማት» ይባላሉ፤ የሚናገሩት ግን ለየቅል ነው።

በሰንጠረዥና በሽልማት መካከል ያለውን ርቀት ለማየት ከአቤል ተስፋዬ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዘ ዊኬንድ ማለት ነው፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ቶሮንቶ የተወለደው። በ2020 የቢልቦርድ ዓመታዊ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የሆነው ዘፈን የእሱ ነበር። ኅዳር ላይ የግራሚ ዕጩዎች ሲታወቁ ግን ስሙ አንድም ቦታ አልነበረም። ቀድሞ ግራሚ ያሸነፈ ሰው ነው። ያኔ በአንዳንድ ዘርፎች የመጨረሻውን የዕጩ ዝርዝር የሚወስኑት ስማቸው የማይገለጽ ኮሚቴዎች ነበሩ። አቤል ግልጽነት ጠየቀ። ሥራውን ለግራሚ እንደማያቀርብም ተናገረ። በ2021 የጸደይ ወራት አካዳሚው እነዚያን ኮሚቴዎች ሰረዘ። አቤልም በ2025 ወደ ግራሚ መድረክ ተመልሶ ዘፈነ።

ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነገር አለ። ሕዝብ አንደኛ ያደረገው ዘፈን ጥቂት ሰዎች በተዘጋ በር ውስጥ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ስለዚህ ሽልማት ስታዩ ደንቡ ታትሟል ወይ፣ ዳኞቹ ይታወቃሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልታወቁ፣ ዋንጫው የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ክብደቱን ቀንሱለት።

ጥሩ የዳኞች ሽልማት ግን ሰንጠረዥ የማይሠራውን ሊሠራ ይችላል። ማሕሙድ አሕመድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ አሸነፈ። በዓለም ያስተዋወቁት ዘፈኖች አብዛኞቹ ያኔ ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ነበሩ። የሳምንት ሽያጭ የሚቆጥር ሰንጠረዥ እንዲህ ያለውን አያይም። ለዚያ ጆሮ ያለው ዳኛ ያስፈልጋል። ማሕሙድን የሰማ ሰው ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል።

ተሰጥቶ የተወሰደ ሽልማትም አለ። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉት ሁለት ዘፋኞች በ1990 የምርጥ አዲስ ድምፃዊ ግራሚ ወሰዱ። በአልበሙ ላይ ያለው ድምፅ የእነሱ አለመሆኑ በዚያው ዓመት ሲታወቅ ተነጠቁ። ስህተቱን አምኖ ሽልማቱን መልሶ የሚወስድ ተቋም መኖሩ ለእኔ የክብደት ምልክት ነው።

ከቤታችን ለዛ ሽልማት አለ። ከሬዲዮ ፕሮግራም የተወለደ ነው፤ የአድማጭ ድምፅ ይገባበታል። የአድማጭ ድምፅ ጥንካሬውም ድክመቱም አንድ ነው፦ ብዙ ተከታይ ያለው ይጠቀማል። አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ ሬዲዮ የሚሰማ ድምፃዊ ከባሕር ዳር ከሚዘፍነው ልጅ ቀድሞ ይጀምራል። በአህጉር ደረጃ ከ2014 ጀምሮ አፍሪማ የሚባል የአፍሪካ የሙዚቃ ሽልማት አለ። ዳኞች ዕጩ ያቀርባሉ፤ ሕዝብ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ብጠየቅ እንዲህ ያለውን ቅልቅል እመርጣለሁ። ዳኛው ያልታወቀውን ያወጣል፤ ሕዝቡ ዳኛውን ይቆጣጠራል።

ቪው

ቪው በቀላሉ የሚታይ ቁጥር ስለሆነ ሁሉም ይጠቅሰዋል። ችግሩ ሊገዛ መቻሉ ነው። ማስታወቂያ ተከፍሎበት የታየ ቪዲዮ በቪው ቁጥሩ ላይ ይደመራል። ዩትዩብ ራሱ ከ2019 ጀምሮ በሙዚቃ ሰንጠረዦቹና በ24 ሰዓት ሪከርዶቹ ላይ በማስታወቂያ የመጣውን ዕይታ መቁጠር አቁሟል። ቪዲዮው ሥር የምታዩት ቁጥርና ሰንጠረዡ የሚጠቀምበት ቁጥር ስለዚህ አንድ አይደሉም።

ለኛ ክልል ሌላም ነገር አለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሞባይል ዳታ በክልሉ ሲቋረጥ የባሕር ዳር አድማጭ ከየቪው ቁጥሩ ጠፋ። ሰው ማዳመጡን አላቆመም፤ ወደ ፍላሽና ወደ ሬዲዮ ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ዘፈን ያወጣ የአካባቢያችን ልጅ ቪው አነሰው ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ቪው ሲታይ እኔ ወደ ኮሜንቱ እወርዳለሁ። «ከጎርጎራ»፣ «ከዳንግላ»፣ «ከሪያድ» የሚሉ፣ ግጥሙን ጠቅሰው የሚጽፉ ሰዎች ካሉ ዘፈኑ ሰው ጋ ደርሷል። ሚሊዮን ቪው ኖሮ ሥሩ ያለው አስተያየት ጥቂት ልብ ብቻ ከሆነ እጠራጠራለሁ።

ዘፋኝ ከሆናችሁ

ያለችው ገንዘብ ትንሽ ከሆነች ቪው አትግዙባት። ይህን አጥብቄ እላለሁ። የተገዛ ቪው ለሠርግ አያስጠራም፣ ሬዲዮ ላይ አያስገባም፣ ከወር በኋላ ይረሳል። ከክሊፑም በፊት ወረቀታችሁን አስተካክሉ።

ከግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ከአቀናባሪውና ከስቱዲዮው ጋር የጽሑፍ ውል ይኑራችሁ። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ዓ.ም. ነው፤ በ872/2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። «ወንድሜ ነው፣ ምን ውል ያስፈልጋል?» የሚባለው ዘፈኑ እስኪወደድ ድረስ ነው። ሲወደድ ጠቡ ይመጣል። ሽልማት ላይም «ምርጥ ዜማ» እና «ምርጥ ግጥም» የሚባሉ ዘርፎች ይኖራሉ። የደራሲው ስም በትክክል ካልተመዘገበ ማንን ይሸልሙ?

ቀጥሎ አይኤስአርሲ የሚባለውን መለያ ቁጥር ያዙ። 12 ፊደልና አኃዝ ያለው የአንድ ቀረጻ መታወቂያ ነው። ዘፈኑን ወደ ስትሪሚንግ የሚጭንላችሁ አከፋፋይ ይሰጣችኋል። ቆጠራው የሚያያዘው በዚህ ቁጥር ነው። ያው ቀረጻ በሁለት የተለያየ ቁጥር ከተጫነ የተደመጠው ለሁለት ይከፈላል። ስማችሁም እንዲሁ። በፈረንጅ ፊደል ስትጽፉት አንድ አጻጻፍ ምረጡና እሱን ብቻ ተጠቀሙ። በሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም ሦስት ድምፃዊ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ሬዲዮ። ባሕር ዳር ላይ ኤፍ ኤም ባሕር ዳር 96.9 አለ፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም (አሚኮ) መቀመጫው እዚሁ ነው። ጥራት ያለው ፋይል ከሙሉ የባለሙያዎች ስም ጋር አዘጋጅታችሁ አድርሱ። ሰው ደውሎ ዘፈናችሁን ሲጠይቅ መስማት በእኔ ሚዛን ከብዙ ሺህ ቪው ይበልጣል። ደዋዩ ዘፈኑን በስሙ ያውቀዋልና። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የመውጣት ዕድል ከተገኘም እንዳያልፋችሁ። መድረክ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ከክሊፕ የበለጠ ሥራ ያመጣል።

ሽልማት ላይ መወዳደር ጥሩ ነው፤ ግን አይታችሁ። ማንም ደውሎ «አሸንፋችኋል፣ ለዋንጫውና ለመድረኩ ይህን ያህል ክፈሉ» ካለ ስልኩን ዝጉ። ለምዝገባ መጠነኛ ክፍያ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው፤ ለማሸነፍ መክፈል ግን ግዢ ነው።

የውጭ ሰንጠረዥ የሚታሰበው ዳያስፖራ ውስጥ በእርግጥ አድማጭ ሲኖራችሁ ነው። ያኔ አልበሙ አርብ ይውጣ። የአሜሪካው ቆጠራ ከአርብ እስከ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ የወጣ አልበም የመጀመሪያ ሳምንቱን ግማሽ ያጣል። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ በፋይል ከሚላላኩት ይልቅ በዚያው ሳምንት ቢገዙት ይቆጠራል።

ሠርግ ወይም ሆቴል ካላችሁ

ለሠርግ ሰንጠረዡን እርሱት። ሽልማቱንም ስታዩ ዘርፉን አንብቡ። «ምርጥ ክሊፕ» ያሸነፈ ዘፈን የቪዲዮ ዳይሬክተሩን ጥበብ ነው የሚመሰክረው፤ ስለ ድምፃዊው የመድረክ ብቃት የሚነግራችሁ የለም። የሚያስፈልጋችሁ ያልተቆራረጠ የመድረክ ቪዲዮ ነው። ቢያንስ ሁለት ዘፈን በተከታታይ፣ በሰው ስልክ የተቀረጸ ቢሆን ይመረጣል። ድምፁ በፕሌይባክ ይሁን በቀጥታ ከዚያ ይታወቃል። የጎጃምና የጎንደር እስክስታ ሳያቋርጥ ይዞ መሄድ ይችላል? አማቶች ሲገቡ የሚዘፈነውን ያውቃል? ማሲንቆ ተጫዋች አብሮት አለ? ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። አንድ ቅዳሜ ምሽት የባህል ምሽት ቤት ሄዶ አዝማሪዎቹን መስማትም ከብዙ ፍለጋ ያድናል። እንግዳውን አይቶ ግጥም የሚፈጥር ሰው የትም ሰንጠረዥ ላይ አታገኙትም።

ለሆቴል ትንሽ ይለያል። ትኬት የምትሸጡ ከሆነ የታወቀ ሽልማት ያለው ስም ሰው ይጠራል፤ እንግዳ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ ሲመጣ በተለይ። በየሳምንቱ ለሚዘፍን ግን ስም ሳይሆን የዘፈን ብዛት ይበልጣል። ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም ሳይደጋግም ምሽቱን መሙላት የሚችል ሰው ፈልጉ።

ሆቴሎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም አለ። በተሻሻለው የቅጂ መብት አዋጅ መሠረት በንግድ ቦታ ሙዚቃ ማጫወት ለባለመብቶች ክፍያ ያስከትላል፤ ክፍያውም የሚሰበሰበው በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተጨማሪ ወጪ ብቻ ያየዋል። ክፍያው በትክክል እንዲከፋፈል ግን የትኛው ዘፈን የትና ስንት ጊዜ እንደተጫወተ መመዝገብ አለበት። ያ መዝገብ ካለ የጣና ዳር ምሽቶችም ይቆጠራሉ። ከፍላሽ የሚጫወተው የጎጃም ዘፈንም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ይኖረዋል። ዲጄ ካላችሁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ የተጫወተውን ዘፈን፣ ድምፃዊውንና ቀኑን በደብተር ወይም በስልክ እንዲይዝ አድርጉ። ማኅበሩ ሲጠይቃችሁ የምታሳዩት እሱን ነው።